በደግነት የሚሞቱ አበቦች

ጋሽ ሜዳን ሣር ላይ ሲራመድ ያየው ሰው፣ የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ የሚጠነቀቅ ይመስለው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የኳስ ሜዳ ሣር ሲያጭድ፣ ሲያጠጣና ሲያበጥር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ስሙን ያወጡለት ተጫዋቾቹ ናቸው፤ ከነሱ ሰፈሩ ተቀበለው፤ በመጨረሻም ሚስቱ ሳትቀር «ሜዳዬ» ትለው ጀመር። የተጫዋቾቹን ስም አዘውትሮ ይረሳል፤ የትኛው በየትኛው ጥግ ሣሩን በጫማው እንደሚቦጭቀው ግን አይረሳም። ጎል ገብቶ ሕዝቡ ሲያብድ፣ እሱ የሚያየው ከመረቡ ፊት የተላጠውን መሬት ነበር።

ጡረታ ሲወጣም ሜዳውን ትቶ አልወጣም፤ ቆርሶ ይዞት መጣ እንጂ። ቤታቸው ከጎረቤት የብሎኬት አጥር ጋር ተፋጦ የቆመ ነው። በመሃል ያለችው ግቢ እንደ ቀበቶ ረዥምና ቀጭን ናት፤ ሁለት ሰው ከተገናኘባት አንዱ ትከሻውን ማዞር አለበት። እዚያች ቀበቶ ላይ ሣር ዘረጋ። በትልቁ ሜዳ እንደለመደው አንዱን ረድፍ ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች እያጨደ፣ ደማቅና ፈዛዛ መስመር አወጣላት። ማንም የማይጫወትባት፣ ማንም የማይጮህባት ሜዳ ሆነች።

ሚስቱ ጥልፍ ሠሪ ናት። በሰው ትራስ ላይ፣ በሰው የጠረጴዛ ልብስ ላይ፣ በሰው ሙሽራ ቀሚስ ላይ አበባ ስታፈካ የኖረች። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ መርፌዋን ስታስገባና ስታወጣ፣ ሣሩን ትመለከትና ሆን ብላ እሱ እንዲሰማት ታንጎራጉራለች፤

ለሰው ትራስ ሁሉ አበባ ስጠልፍ፣
የኔው ደጅ ባዶ ነው ዕድሜ ጥሎኝ ሲያልፍ።

«እንዴት ነው ባዶ የሚሆነው? ሣሩስ?» ይላል ከውጭ፣ ማጨዱን አቁሞ።

«ሣርማ የሚያምረው ለላም ነው። እኔ ላም ነኝ?»

«አበባ እኮ የሁለት ሳምንት እንግዳ ነው አንቺ ሴት። ሣር ግን ቤተሰብ ነው።»

«እንግዳውማ ይምጣልኝ! ቤተሰቡን ጠገብኩት!»

ይስቃሉ። ጠብ አልነበረም። በየጊዜው የሚያነሱት፣ ግጥሙን ሁለቱም የሚያውቁት ዘፈን ነበር፤ እሷ ታወጣለች፣ እሱ ይቀበላል። እንዲህ ሲባባሉ ዓመት ዓመትን እየወለደ፣ ጠጉራቸው ነጣ፣ ሣሩ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ።

ከዚያ ኩላሊቷ ደከመ። ደሟን የሚያጥብላት ማሽን ዘንድ እየተመላለሰች፣ ክንዷ ላይ የመርፌ ቁስል እየተደራረበ፣ ያ ሲሠራ የኖረ እጅ ክር ማስገባት አቃተው። ሐኪሙ ውሃዋን ለካላት። የቀኑ ድርሻዋ አንዲት ትንሽ ኩባያ ሆነች፤ ሾርባም ከውሃ ይቆጠራል፣ ሐብሐብም ከውሃ ይቆጠራል። ትርፉ በሰውነቷ ተጠራቅሞ ልቧን ያንቃል አሏቸው።

በዚያው ዓመት ሰማዩም ጨከነ። የዝናቡ ወራት መጥቶ ሳያካፋ አለፈ። ውሃ በፈረቃ ሆነ። ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በየመንገዱ እየዞረች፣ መኪና ማጠብና ሣር ማጠጣት ክልክል መሆኑን ስትናገር፣ ጋሽ ሜዳ በር ላይ ቆሞ ስሙ እንደተጠራበት ተከሳሽ አንገቱን ደፋ። ሣሩ ከጠርዙ ጀምሮ ገለባ መሰለ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት የጠማው፤ አንዱም ጋ ውሃ ይዞ መቅረብ አይችልም።

ራሱ መጠጣት አፈረ። በሷ ፊት ብርጭቆ ማንሳት ሌብነት መሰለው። ሲጠማው እያሳለ ይነሳና ወጥ ቤት ይገባል፤ ከበሩ ኋላ ቆሞ፣ ጉሮሮው ድምፅ እንዳያወጣ ቀስ እያለ ይውጣል። አንድ ቀን አፉን በእጁ ጀርባ እየጠረገ ብቅ ሲል፣ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ስትጠብቀው አገኛት።

«አንተ ሰውዬ፣ ውሽማ የደበቅክ ይመስል ምን በር ለበር ያስሮጥሃል?»

«ምን አደረግኩ ደግሞ?»

«እዚህ ተቀምጠህ ጠጣ። ድምፁን ልስማው። ሰው ሲጠጣ መስማትም ግማሽ ርካታ ነው።»

ጠጣ። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችው። ከዚያን ቀን በኋላ ውሃ እንደ ቀድሞው አልጣመውም።

አንድ ቀን ከማሽኑ ሊመለሱ ሲሉ፣ ሐኪሙ ጋሽ ሜዳን ኮሪደር ላይ ለብቻው አናገረው። ልቧም እየደከመ መሆኑን፣ ብዙ እንዳይጠብቅ ነገረው። ቤት ሲገቡ ትራሷን አስተካከለላት፤ ብርድ ልብሱን ሁለት ጊዜ አጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው።

«ሐኪሙ ያለህን ፊትህ ነገረኝ፤ ብርድ ልብሱን ተወው» አለችው። «አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። ሣሩን ንቀልልኝ።»

ጋሽ ሜዳ በመስኮቱ ወደ ሣሩ አየ።

«አበባ በክር እንጂ ደጄ ላይ በቅሎ አላየሁም። አንዴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እዚህ አልጋ ላይ ሆኜ ሲፈነዳ ልየው። ከዚያ በኋላ መልሰህ ሣርህን ዝራ፤ አልቀየምህም።»

«በምን ውሃ ነው አበባ የሚበቅለው?»

«ውሃ የማይፈልግ አለ ይላሉ።» ትንሽ ፈገግ አለች። «እንደኔ ያለ።»

በማግስቱ አካፋውን ስሎ ወጣ። ጎረቤቱ፣ በጉብዝናው ጊዜ በጋሽ ሜዳ ሜዳ ላይ በረኛ የነበረ፣ አሁን አሮጌ ታክሲ የሚነዳ ሰው ነው። እነሱን ወደ ሐኪም ቤት የሚያመላልሳቸውም እሱ ነው። በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ አየና ዓይኑን ማመን አቃተው።

«ጋሽ ሜዳ! ምን እየሠሩ ነው? ሣር እኮ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«እኔን እኮ ጎሉ ፊት ቆመህ ሣሬን ላጥክብኝ ብለው በባልዲ ያባረሩኝ ሰውዬ ነዎት! በረኛ የት ይቁም ታዲያ ብልዎት፣ መረቡ ላይ ተንጠልጠል አሉኝ!»

«መንጠልጠል ነበረብህ። ኳሱም ያኔ አያልፍህም ነበር።»

በረኛው እየሳቀ ዞሮ በበሩ ገባና ሁለተኛውን አካፋ አነሳ። ደረቁን ሣር ከነሥሩ እየፈነቀሉ እንደ አሮጌ ምንጣፍ ጠቀለሉት። ከሥሩ የወጣው አፈር ጥቁርና ለስላሳ ነበር፤ ስንት ዓመት የተደከመበት። ጋሽ ሜዳ የመጨረሻውን ጥቅል አንስቶ ደረቱ ላይ እንዳቀፈው ቆመ።

«አቧራው ዓይኔ ውስጥ ገባ» አለ።

«የኔም ውስጥ ገብቷል» አለ በረኛው፤ ቀልዱን ትቶ።

ችግኝ የምትሸጠው ሴት ከመንገድ ዳር፣ በጥላ መረብ ሥር፣ በቆርቆሮና በላስቲክ ተተክለው በተደረደሩ ቡቃያዎች መሃል ትቀመጣለች። ምላሷ መቀስ ነው። «ውሃ የማይጠይቅ፣ የሚያብብ፣ ቶሎ የሚያብብ» ሲላት ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አባባ፣ እንዲህ ዓይነት ሚስት ብትኖር ወንዱ ሁሉ ይሰለፍ ነበር። ለማን ነው?»

«ለሚስቴ። ታማለች።»

ሴትዮዋ ሳቋን ዋጠች። ተነስታ እያነሳች ታሳየው ጀመር፤ ወይን ጠጅ የሚያብበውን ላቬንደር፣ እንደ ችቦ ቀይ አበባ የሚያወጣውን ሬት፣ ደግሞም ቅጠሏ ወፍራም ሆኖ መሬት ለመሬት የምትሳብ፣ አበባዋን ፀሐይ ሲወጣ ብቻ የምትከፍት አንዲት ዘር። «የዚችን ስም አላውቀውም፤ እኔ ኩሩዋ እላታለሁ። ማንንም አትለምንም።»

ከዚያ ጣቷን ቀሰረችበት። «ሲተክሏቸው ያጠጧቸው። ከዚያ ይተዋቸው። አፈሩ እስከ ጣትዎ ሥር ድረስ ካልደረቀ ጠብታ እንዳይነካቸው። እነዚህ በጥማት አይሞቱም አባባ፤ በደግነት ነው የሚሞቱት። ገባዎት?»

«ገብቶኛል ልጄ» አለ። ጆሮው ገብቶት ነበር። እጁ ግን አልሰማም።

ተከላው የሁለቱም ሥራ ሆነ። እሷ ትራስ ተደግፋ በመስኮቱ ታዛለች፤ እሱ ተንበርክኮ ይተክላል። «ወይን ጠጁን ከቀዩ አታጣብቀው፤ ይጣላሉ። ዝቅ... ወደ ግራ... አይ የኔ ዓለም፣ ያንተ ግራ ሳይሆን የኔ ግራ!» ድምፅዋ ውስጥ የድሮዋ ሴት ተመለሰች። ያን ቀን ክንዷን አላመማትም፤ ወይም አልነገረችውም።

እነሆ ጥፋቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሚስቱ በጤናዋ ጊዜ ስትጠልፍ ውሃ ትወድ ነበር። ራስጌዋ የብርጭቆ ጆግ አይጠፋም፤ በየማለዳው የሚሞላው እሱ ነው። አሁን ውሃው ቢከለከልም እጁ ልማዱን አልተወም። ጎህ ሲቀድ ጆጉን ሞልቶ ወደ አልጋዋ ይዞ ይሄዳል፤ የክፍሏ ደፍ ላይ ሲደርስ ያስታውሳል። እዚያው ይቆማል። መልሶ በርሜል ውስጥ መድፋት ደግሞ ድርሻዋን እንደ መንጠቅ ሆነበት። ስለዚህ ወደ ግቢው ይወጣና ለአበቦቹ ያጠጣዋል። «ጠጡላት» ይላቸዋል። ማታ ማታ ዕቃ ያለቀለቀበትን ይጨምርላቸዋል።

የላቬንደሩ ቅጠል ወደ ቢጫ አደላ። ጋሽ ሜዳ ሣር የሚያውቅ ሰው ነው፤ ሣር ቢጫ ከሆነ ጠምቶታል ማለት ነው። ጆጉን ደገመ። ቅጠሉ ይበልጥ ቢጫ ሆነ፤ ጆጉን ሠለሰ። አንድ ጠዋት አንዱን ግንድ በጣቱ ቢነካው ከነሥሩ ተነቅሎ መጣ። ሥሩ ጠቁሮ፣ ሟሙቶ፣ የረጋ ኩሬ ሸተተው። ሁለተኛውን ነካው፤ እሱም መጣ። ከግማሽ በላዩ እንዲያ ሆነ።

የነቀለውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ችግኝ ሻጯ ሄደ። ሥሩን አሸተተችና ቀና ብላ አየችው። ልትሳደብ ከንፈሯ ተነቃንቆ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው።

«ይሄ ሰምጦ ነው የሞተው አባባ።»

«በቀን አንድ ጆግ ነው የሰጠሁት። አንዳንዴ ሁለት፣ ሦስት።»

«ምነው አባባ፣ ነግሬዎት ነበር እኮ።»

«ነግረሽኛል።»

ቤት እንደገባ ለሚስቱ ሊደብቃት አስቦ ነበር። ግን አልጋዋ ትይዩ ነው ግቢው፤ ምኑን ይደብቃል? ባዶ ቀዳዳዎቹን ስታይ ውላለች። አጠገቧ ሲቀመጥ ቀስ ብላ አንጎራጎረች፤ ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኗል፤

ውሃ ለጠማው ሰው ውሃ ይሰጡታል፣
ፍቅር የጠማውን በምን ያጠጡታል።

«ታይኝ ነበር?» አላት።

«በየማለዳው። ጆጉን ይዘህ መጥተህ ደፉ ላይ ስትቆም፤ ከዚያ ስትወጣ። ያልጠጣሁትን ሁሉ እነሱ ላይ ስትደፋው።»

«ለምን ዝም አልሽኝ? ያንቺው አበባ አይደሉም?»

«አንተም ታሳዝነኝ ነበራ።» እጁን ያዘች። የሷ እጅ አብጦ ለስላሳ ሆኗል፤ የሱ እጅ እንደ ቅርፊት ሻክሯል። «ስማኝ ሜዳዬ። የቀሩትን ተዋቸው። ደግሞ እኔንም ተወኝ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ማሽኑ ላይ ውዬ ስመለስ እንደ ጨርቅ እወድቃለሁ። ቀና ማለት ስጀምር መልሰህ ትወስደኛለህ። ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፤ ከሚጠቅምሽ የሚያደክምሽ በልጧል፣ ምርጫው ያንቺ ነው ብሎኛል። እስከ ዛሬ የምሄደው ላንተ ስል ነው። አንተ እንዳይከፋህ።»

«ምንም ሳላደርግ እንዴት ቁጭ ብዬ አይሻለሁ?»

«እሱን ነው የምለምንህ። ምንም ሳታደርግ ቁጭ ብለህ እየኝ።»

ወጣና ግቢው ውስጥ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ከሞት የተረፉት ጥቂት ናቸው፤ መስኮቱ ሥር ያሉ፣ ጆጉ ያልደረሳቸው፣ አንድ ሁለት ላቬንደርና ያቺ ኩሩዋ። አፈራቸው ተሰነጣጥቋል። እጁ ወደ ጆግ እንዳይሄድበት ሁለት መዳፎቹን ከጭኑ ሥር አስገብቶ ተቀመጠባቸው። የሕይወቱ ከባዱ ሥራ ያ ነበር።

የማሽኑ ቀን ሲደርስ በረኛው ታክሲውን በር ላይ አቁሞ ጥሩምባ ነፋ። ጋሽ ሜዳ ብቻውን ወጣ።

«እትዬስ?»

«ዛሬ አንሄድም።»

«ነገ ልምጣ?»

«ነገም አንሄድም ወንድሜ።»

በረኛው ሞተሩን አጠፋ። መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ የትም እንደማይሄድ እያወቀ፣ ረዥም ጊዜ ተቀመጠ።

ጋሽ ሜዳ ለሐኪሙ ደወለ። ሐኪሙ ሰምቶ «እንግዲህ ውሃዋን አትለኩባት። ያሰኛትን ያህል ትጠጣ» አለው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ወር ሲናፍቃት ኖሮ ነበር። ስትመጣለት ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ የብሎኬቱን አጥር ዘልላ ስትገባ፣ «ሜዳዬ! ሜዳዬ ና!» ስትል ሰማት። የፈራው የደረሰ መስሎት ከወጥ ቤት ሮጦ መጣ። እሷ ግን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋለች።

«ዝም በል። እይ።»

ኩሩዋ ተከፍታ ነበር። አንዲት ብቻ። ከደረቀው፣ ከተሰነጠቀው አፈር ላይ ብርቱካንማ ሆና፣ መሃሏ ወደ ቀይ እየሳበ፣ ማንም ሳያጠጣት። ሚስቱ ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት፤ የምትጠልፈውን ሥዕል እንደምትለካ፣ ራሷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጋ።

«የዚህን ቀለም ክር ስንት ሱቅ ጠይቄ አጥቼዋለሁ» አለች። «ለካ እዚህ ኖሯል።»

«ውሃ ላምጣልሽ? ተፈቅዶልሻል እኮ።»

«እስቲ።»

እስከ አፉ ሞልቶ አመጣላት። ሲያቀብላት አንሶላው ላይ ፈሰሰ። ከንፈሯን አርጥባ፣ አንድ ጊዜ ተጎነጨችና መለሰችለት። ያ ሁሉ ጥማት ወዴት እንደሄደ እንጃ፤ ሥፍራው ብቻ ቀርቷል።

«በቃኝ። አንተ ጠጣልኝ፤ ድምፁን ልስማው።»

ጠጣ። በየጉንጩ እንባው እየተቀላቀለበት፣ እንድትሰማው ጮክ እያደረገ ጠጣው። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። በዚያው ሳምንት፣ ረፋድ ላይ፣ እጇ እጁ ውስጥ እንዳለ፣ ትንፋሿ እንደ ክር ጫፍ ሳስቶ ከመርፌው ወጣ።

ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። በረኛው ሲመሽ ብቅ ይላል፣ ሲነጋ ብቅ ይላል፤ ራት ይዞ ይመጣል፣ ሳይነካ መልሶ ይወስዳል። ጋሽ ሜዳ ባልዲው ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል። ላቬንደሮቹ እምቡጥ ያዙ፤ ኩሩዋም ሌላ፣ ደግሞ ሌላ ከፈተች። የሚያያቸው የለም ብለው አልቀሩም። ጠብታ አልሰጣቸውም።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። የተራበ ሆድ ይመስል አጉረመረመ። ከዚያ ያ ሁሉ ወር የተለመነው ዝናብ ገደቡን እንደጣሰ ወንዝ ወረደ። ሰፈሩ ተንጫጫ፤ ሰው ባልዲውን፣ በርሜሉን፣ ሳፋውን ይዞ ወጣ፤ ልጆች ራቁታቸውን መንገድ ላይ ዘለሉ። በረኛውም በርሜሉን ከአሸንዳው ሥር ሊያስጠጋ ሲወጣ፣ በአጥሩ ማዶ ጋሽ ሜዳን አየው። ሰፊ ላስቲክ ይዞ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ አበቦቹ ላይ እንደ ጣሪያ ከልሎ ቆሟል። ውሃው በጀርባው ይወርዳል።

«ጋሽ ሜዳ! ኧረ ጋሽ ሜዳ! ስንት ወር የለመኑትን ዝናብ ምን ብለው ነው የሚከለክሉት?»

«ለነሱ ይሄ ብዙ ነው» አለ ሽማግሌው፤ ዞሮ ሳያየው። «ይሰምጡብኛል።»

በረኛው አንድ ቀልድ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። የላስቲኩ አንደኛው ጫፍ ከሽማግሌው ጣት እያመለጠ፣ እሱም እየተንጠራራ ሲይዘው፣ መልሶም ሲያመልጠው አየ። በርሜሉን እዚያው ጥሎ፣ በበሩ ዞሮ ገባና ያንን ጫፍ ያዘ። ግቢዋ ለሁለት ሰው አትበቃም። ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው፣ እጃቸውን ወደ ላይ እንደዘረጉ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ቆሙ።